አልጋዋን የሸጥኩባት ሕፃን

እኔ ልጅ ወልጄ አላውቅም፣ አሳድጌም አላውቅም፤ ድመት እንኳ ቤቴ ገብታ አላደረችም። ሥራዬ ሶፋ ማደስ ነው። የተቀደደውን ልብስ እገፍፋለሁ፣ የረገበውን ስፕሪንግ አወጣለሁ፣ ስፖንጁን እቀይራለሁ፣ አዲስ ጨርቅ ወጥሬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ሶፋ አይርበውም፣ አያኮርፍም፣ አይሸናም። ሌላው ነው የሚሸናበት፤ እሱንም ቢሆን ያመጡልኝና አፍንጫዬን ይዤ አጸዳዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖሬ ምን ጎደለኝ? ምንም።

ታዲያ ታናሽ እህቴ ታማ ሞተችና አንድ ልጇ ቀረች። ልጅቷ ዐሥር ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ወንድሜ ወሰዳት፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ "ከልጆቼ ጋር አልተስማማችም" አለ። ቀጥሎ ታላቅ እህቴ ወሰደቻት፤ እሷም "ይቺ ልጅ ሰው አታናግርም፣ ቤቴን አቀዘቀዘችው" ብላ መለሰቻት። ዕቃ ነች እንዴ? ደሜ ፈላ። ዘመድ በተሰበሰበበት ብድግ ብዬ "እንግዲያው ለእኔ ስጡኝ!" አልኩ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ብዬ ነበር።

እናም መጣች። አንድ ቦርሳ፣ አንድ አሮጌ ስልክና አንድ ጆንያ ኩርፊያ ይዛ። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍሌን በመጋረጃ ለሁለት ከፈልኩላት፤ አልጋ በገዛ እጄ ሠራሁላት፤ ለፍራሹም ለባለሀብት ደንበኞች ያስቀመጥኩትን ስፖንጅ ቆረጥኩላት። ተኛችበት። "እንዴት ነው?" ስላት "ደህና ነው" አለች። ከዚያ ወዲያ ከአፏ የምትወጣው ቃል ሁሉ በልመና ሆነ። ግን ወደድኳት፤ ምን ልደብቅ? ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት በቁሟ እያንቀላፋች ወደ እኔ ዘንበል ስትል አንጀቴን ትበላዋለች።

ችግሩ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ነው። ያላገባሁ መሆኔን፣ ልጅ አሳድጌ አለማወቄን፣ የምኖረውም ሱቅ ጀርባ መሆኑን ሰምተው "አሳዳጊነቱን ከማጽደቃችን በፊት አንዲት ባለሙያ መጥታ ታይዎታለች" አሉኝ። መቼ ብላቸው "ሳንነግርዎት ነው የምንመጣው።" ሴትዮዋ ካመነችብኝ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ካላመነችብኝ ማሳደጊያ ትገባለች። ሌላ የሚቀበላት ዘመድ የለም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቦርሳ ይዛ በሩ ላይ የምትቆም ሴት ሁሉ ልቤን ታርደው ጀመር። አንዷን "ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ቁርሷን አሟልታ በልታለች" ብዬ በክብር ባስተናግዳት ሳሙና ሻጭ ሆና ተገኘች። ምን ይደረግ፣ ሳሙናውን ገዛሁ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኳ ላይ ተደፍታ ነው የምታመሸው። ጨዋታ ነው፤ ግን መኪና የሚያጋጭ፣ ሰው የሚተኩስ ዓይነት አይደለም። አንድ ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥ አንዲት እናትና ገና ዳዴ የተወች አንዲት ሕፃን አሉ። አለቀ። እናትየዋ ያዘዟትን ትሠራለች፣ ካላዘዟት መስተዋት ፊት ቆማ ትጨፍራለች። ሕፃኗ ደግሞ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሸናለች፣ ታለቅሳለች። "ምኑ ነው ታዲያ ጨዋታው? ይሄማ ኑሮ ነው!" ብላት ቀና ብላም አላየችኝ።

አንድ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ስልክ ከለከለ፤ በር ላይ ይፈተሻል ተባለ። ጠዋት ቁርስ ላይ ልጅቷ ስልኩን ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠችው።

"አክስቴ፣ እስክመጣ ድንቡሼን ጠብቂልኝ።"

"ድንቡሼ ደግሞ ማናት?"

በጣቷ ሕፃኗን አሳየችኝ። ጉንጭ ብቻ ናት፤ ዓይኗ በኋላ የተጨመረ ይመስላል።

"ስልኩን ዝጊውና ስትመለሺ ትቀጥያለሻ" አልኳት።

"ብዘጋውም አይቆምም። እነሱ ዝም ብለው ይኖራሉ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እንዲህ ረዘም አድርጋ ስትናገር ሰምቻት ስለማላውቅ ዳቦዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሕፃኗን ስነካት ከራሷ በላይ መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ የሆዷ፣ አንዱ የእንቅልፏ፣ አንዱ የሽንቷ፣ አንዱ የንጽሕናዋ፣ አንዱ ደግሞ የእቅፍ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ናት። ቢጫ ከሆነ ቶሎ በይ። ቀይ ሆኖ ዝም ካልሻት ግን በር ይንኳኳል።

"ማነው የሚያንኳኳው?"

"ግራጫ ኮት የለበሰች ሴትዮ። ሕፃኗን ይዛት ትሄዳለች። አንዴ ከወሰደች አትመልስም።"

የእኛዋም ሴትዮ እንዲሁ ናት ልል አልኩና ቃሉን ከዳቦው ጋር በሻይ አወራረድኩት። ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "አደራ" አለችኝ። እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር። "አንቺ ደሞ፣ ለአንዲት ፍሬ ልጅ!" አልኳት።

ሱቁ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ የስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጠው ሰፊያችን። ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ ይላል። ያሳደገችው ሚስቱ ናት፤ የእሱ ድርሻ ስም ማውጣት ነበር፤ እሱንም ዛሬ ያቀላቅለዋል። ስልኩን እንዳየ መኪናውን አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

"ርቧታል" አለ።

"መስመሩ አረንጓዴ ነው።"

"መስመር ምን ያውቃል? ፊቷን እይው እንጂ። ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ!"

እሺ ብዬ እናትየዋን አብያት ብዬ አዘዝኳት። ወደ ማእድ ቤት ሄደች፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ሳህን አወጣች፣ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ተመልሳ መስተዋቷ ፊት ቆመች። ሕፃኗ ሳህኑን ገለበጠችው፤ በላዩ ላይ ተቀመጠችበት፤ ከዚያ አለቀሰች። አሁን ደግሞ ንጽሕናዋ ቢጫ ሆነ። እጠቢያት አልኳት። እናትየዋ ገንዳውን እየሞላች ሳለ ሕፃኗ ሹልክ ብላ ሽንት ቤት ገባች፤ የመጸዳጃውን ውኃ በሁለት እጇ እየመታች ትስቃለች።

"አረ አውጫት ከዚያ! አንቺ ሴትዮ! መስተዋቱን ተይው፣ ምን ልታይበት ነው!" ብዬ ስጮህ አንዲት ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ግራና ቀኟን አይታ መስተዋት የሚባል ነገር ስታጣ፣ በኋላ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ፖፖው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ያስቀምጧታል፣ ትቀመጣለች፣ እጇን ታጨበጭባለች፣ ትነሳለች፤ ከዚያ ኮሪደሩ መኻል ሄዳ ትለቀዋለች። ባለቀሰች ቁጥር ሰፊው "እቀፊያት" ይላል፤ ስትታቀፍ ዝም ትላለች፤ ስትወርድ ደግሞ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጅ ማሳደግ ይሄ ከሆነ እናቴ አራታችንን አሳድጋ በእግሯ መሄዷ ይገርማል። ብቻ እንደምንም ብለን አዋልናት። ያን ቀን አንድም ሶፋ አልተነካም።

ልጅቷ ስትመጣ ሰላምታም ሳትሰጠን ስልኩን ተቀበለችኝ። አየችው። ከዚያ እኔን ረዘም አድርጋ አየችኝ፤ ሳህኗን ስትመረምር በምታየው ዓይን።

"ፖፖ ላይ ስታስቀምጫት እናትየዋን አጠገቧ አቁሚያት" አለች። "ብቻዋን ስትሆን ነው የምትነሳው።"

ይኸው ነው። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችም። እኔ ግን ሜዳሊያ የተሰጠኝ ያህል ሲሰማኝ አመሸ።

ጉድ የፈላው በማግስቱ ነው። አሁንማ ለምጄዋለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። በእርግጥም እስከ ቀትር ጥሩ ሄደልኝ፤ በላች፣ ታጠበች፣ ፖፖዋ ላይ ተቀመጠች፣ እናትየዋም እንደ ወታደር አጠገቧ ቆመች። ታዲያ ትንሽ ፋታ ሳገኝ ምን ቆርጦኝ ነው ቤቱን የቃኘሁት? ዓይኔ ሶፋው ላይ አረፈ።

እግዜር ያሳያችሁ። ጨርቁ ባለ መስመር ነው፤ የመቀመጫው መስመር ከመደገፊያው መስመር ጋር አልገጠመም። የክንዱ ስፌት ተሸብሽቧል። እግሮቹ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል። ማን ነው እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቶ እጁን ታጥቦ ምሳውን የበላው? ልተወው አልኩ፣ ቆሽቴ እርር አለ። ለካ ጨዋታው ውስጥ የዕቃ መደብር አለ፤ ገብቼ ባየው መደገፊያው ላይ ቁልፍ የተሰፋበት አንድ የቆዳ ሶፋ ተቀምጧል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ክንዱ ሙሉ፣ ቁጭ ብለው የሚያዩት ሶፋ። መደብሩ "የማይፈልጉትን ዕቃ ሸጠው ይግዙ" ይላል። አሮጌውን ሶፋ ሸጥኩት፤ አልበቃም። አንድ መብራት ጨመርኩበት፤ አልበቃም። በር ጀርባ ደግሞ አንድ ነጭ የልብስ ቅርጫት አለ፤ እሱንም ሸጥኩት። ሶፋው ገባ።

ቤቱ ሌላ ሆነ። እናትየዋ እንኳ መስተዋቱን ትታ መጥታ ቁጭ አለችበት። ሰፊውን ጠርቼ አሳየሁት፤ "ስፌት ማለት እንዲህ ነው" አልኩት።

ከዚያ ድንቡሼ ማዛጋት ጀመረች። አስተኚያት ብዬ አዘዝኩ። እናትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ ከክፍል ክፍል ዞረች፤ ከዚያ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ አዘዝኩ፤ ደግማ ዞረች። ሰፊው መነጽሩን አውርዶ ወደ ስልኩ ተጠጋ።

"ያ የሸጥሽው ቅርጫት" አለ ቀስ ብሎ፣ "አጥር ነበረው እንዴ?"

ነበረው። በአራቱም በኩል።

መልሼ ልግዛው ብዬ መደብሩን ከፈትኩ፤ "የዛሬ ግብይት ተጠናቋል፣ ነገ ይመለሱ" ይላል። ሶፋው ላይ ላስተኛት አልኩ፤ "ሕፃን ሶፋ ላይ አይተኛም" ይላል። እንዲህ ያለ ሶፋ ላይ የማይተኛ የት ሊተኛ ነው? የእንቅልፏ መስመር ቀይ ሆነ፤ የሆዷ ተከተለ። እናትየዋ ደክሟት መሬት አወረደቻት። ድንቡሼ እሪ አለች፤ እኔና ሰፊውም ተያያዝን።

"አልጋዋን ሸጠሽ ሶፋ ገዛሽበት!" ይላል እሱ።

"ምን አገባህ? መሬት ላይ ትተኛ፣ አትሞትም!"

"ከቁርሷ ወዲህ እህል አልቀመሰችም! ሱሪዋም ርሷል!"

"ተዋት ታልቅስ! ስታለቅስ ይደክማትና ትተኛለች!"

"ይቅርታ" አለ አንድ ድምፅ።

ቀና አልኩ። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ቦርሳ ይዛለች። ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ ከዓለም ቀለም ሁሉ መርጣ ግራጫ። ሳሙና ሻጭ እንዳልሆነች ፊቷን ሳይ አወቅሁ፤ ሳሙና ሻጭ እንዲህ አይቆጣም። እጄ ከእኔ ቀድሞ ስልኩን እዚያው አጠገቤ ካለው የስፖንጅ ክምር ስር ወሸቀው።

"ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ነው የመጣሁት" አለች። "የማንን አልጋ ነው የሸጡት?"

ሰፊው ሊረዳኝ ፈልጎ "የድንቡሼን" አለ።

"ድንቡሼ ማናት?"

"ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አልቃሻ ናት፤ ግን አይዞሽ ብያታለሁ፣ እኔ ስድስት ልጅ..."

"እኔ የማውቀው ስለ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ነው" አለች ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ። "ሌላ ሕፃን አለች እንዴ?"

"የለችም" አልኩ እኔ። "አለች" አለ እሱ። እኩል።

በዚህ መኻል ከስፖንጁ ስር የታፈነ የሕፃን ለቅሶ ወጣ። የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ።

"የት ናት?" አለች።

"እዚያ፣ ስፖንጁ ስር" አለ ሰፊው በጣቱ እያሳየ።

ቦርሳዋን ወርውራ እንዴት እንደተንደረደረች ልነግራችሁ አልችልም። ትልልቁን ስፖንጅ እያነሳች በትከሻዋ ላይ ወረወረችው፤ አንዱ ሰፊውን አንገቱ ላይ መታው። መጨረሻ ላይ ስልኩን አገኘች። አነሳችው። ድንቡሼ መሬት ላይ ተዘርግታ፣ ከዚያ ውብ ሶፋ አጠገብ፣ እግሯን እያራገበች ታለቅሳለች። ሴትዮዋ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኩን አየች፤ ከዚያ ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ ላይ ተዘረፈጠች። ዕድለኛ ናት፣ ስፕሪንጉን የቀየርኩት በቀደም ነው።

ውኃ ሰጠኋት፣ አስረዳኋት። ሕፃኗ የጨዋታ መሆኗን፣ የእህቴ ልጅ በአደራ እንደሰጠችኝ፣ ሁሉንም። አልሳቀችም። ስፖንጁን ከኮቷ ላይ አራግፋ "ስልኩን ያስቀምጡትና ስለ ልጅቷ እንነጋገር፤ ውሳኔዬ ዛሬ ነው" አለች። መጋረጃውን ገልጣ ክፍሉን አየች፣ አልጋውን ተጫነችው። እሱ ላይ ምንም አላለችም። ጥያቄው ግን ገደለኝ።

"ልጅቷ ታጫውትዎታለች? ትነግርዎታለች የሆዷን?"

"አትናገርም።"

"ስለ እናቷስ?"

"አታነሳም።"

"ስታለቅስ አይተዋታል?"

"አላየሁም።"

"ጓደኛዋን ያውቃሉ?"

አላውቅም። አንድ በአንድ ጻፈችው፤ እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ ልጄ ስትሄድብኝ ታየኝ። ሌላ ሰው ቤት ሌላ አልጋ ላይ፣ ፀጉሯን ማን እንደሚያበጥርላት እንጃ። ልናገር እፈልጋለሁ፣ እንዲህ ነው የምወዳት ማለት እፈልጋለሁ፤ የወጣልኝ ግን "ዳቦ በማር ትወዳለች" ብቻ ነው። እሱም መጻፉን አላየሁም።

ስልኩ ውስጥ በር ተንኳኳ።

ሦስታችንም ሰማነው። እጄን ዘረጋሁ።

"እባክዎን ይተዉት" አለች ሴትዮዋ። "እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለእውነተኛ ልጅ ነው።"

"አልተውም" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፤ እኔ እንደሆንኩ ሲጨንቀኝ እጮኻለሁ። "እንደፈለጉ ይጻፉብኝ፣ አልተውም! ይቺ ልጅ እቤቴ ከገባች ጀምሮ ልብስ ግዢልኝ አላለችኝም፣ ራበኝ አላለችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ፣ ይቺን ጠብቂልኝ። መጥታ ባታገኛት በምን ዓይኔ ነው የማያት?"

ስልኩን አነሳሁ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው። የጨዋታው ግራጫ ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ ገብታለች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቤቱን ታያለች። እናትየዋ እንደገና ሶፋው ላይ ተጎልታለች። "ተነሽ፣ አንቺ ዝርክርክ! አብያት!" ሳህን መጣ፤ ድንቡሼ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ተቀባች። የሆዷ መስመር ቢጫ ሆነ። ግራጫዋ አንድ እርምጃ ቀረበች።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች እውነተኛዋ። ለካ አንገቷን አስግጋ ከትከሻዬ በላይ እያየች ነው።

"ልትወስዳት ነዋ።"

"ዝም ብላ? እናትየዋን ሳታናግር?"

"ዝም ብላ።"

"እንዴት ያለ ነውር ነው!" አለች ተቆጥታ። "ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚሠራ? መጀመሪያ ምክር ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ተመልሶ ይታያል! እኛ እንዲህ ነን እንዴ? ቶሎ ይበሉ፣ ሱሪዋን ይቀይሩላት!"

ቀየርኩላት። ፖፖ ላይ አስቀመጥኳት፤ እናትየዋን አጠገቧ ገተርኳት። እንቅልፏ ግን ቀይ ነው፤ አልጋ የለም። ግራጫዋ እጇን ዘረጋች።

"እቀፊያት!" ብሎ ጮኸ ሰፊው።

ዕድሜ ልኩን አንዴ እንኳ ትክክል መሆን ነበረበትና ሆነ። እናትየዋ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ድንቡሼ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ የእቅፍ መስመሯ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። ግራጫዋ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ዞር ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። እውነተኛዋ ሴትዮ "እሰይ!" ብላ ጉልበቴን መታችው። ወዲያው ደግሞ ለምን እንደመጣች አስታውሳ ኮቷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የትምህርት ቤት ቦርሳ መሬት ላይ ዱብ ሲል ሰማን። ልጅቷ በሩ ላይ ናት። ሴትዮዋን አየቻት፣ ኮቷን አየች፣ ቦርሳዋን አየች። ማን እንደሆነች ሳንነግራት ገብቷታል፤ ከንፈሯ ነጣ። ግን ስለሷ አልጠየቀችም።

"ድንቡሼስ?" አለች።

ስልኩን ሰጠኋት። መሬት ለመሬት እያየሁ ፍርዴን ጠበቅሁ።

"ቆሽሻለች" አለች። "ፊቷ ሁሉ ምግብ ነው።" ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና "አልጋዋ የታለ?"

"ሸጥኩት። ቅርጫት መስሎኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

"ግን አለች" አለች። "አክስቴ፣ አለች እኮ።"

ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ይቺ ሕፃን ለምንድነው እንዲህ የምታሳስብሽ፣ የኔ ልጅ?" አለቻት።

ልጅቷ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ መለሰች። "ይቺ ሦስተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን አጎቴን ጠብቅልኝ አልኩት፤ እሺ አለ። ስመጣ ተወስዳለች። ምን አለበት፣ ሌላ ታሳድጊያለሽ አለኝ። ሁለተኛዋን ትልቋ አክስቴን ጠብቂልኝ አልኳት፤ እሷም እሺ አለች። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትታው ረሳችው።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "አልተቆጣኋቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ልጠይቃቸው አልፈለግኩም።"

ሰፊው ክር ሳይዝ መርፌ ላይ ክር ሊያስገባ ይታገላል። ለካ ያቺ በቀን ሁለት ቃል የማትተነፍሰው ልጅ እንደ ቢሮዋ ሴትዮ እኛን አንድ በአንድ እያዞረች ስትፈትነን ነበር። ወንድሜ ወደቀ፣ ታላቅ እህቴ ወደቀች። እኔም ደህና አድርጌ አላለፍኩም፤ አልጋ ሸጫለሁ።

"እዚህ መቅረት ትፈልጊያለሽ?" አለቻት ሴትዮዋ።

"አዎ" አለች ልጅቷ። ትንሽ አሰበችና "እሷም ትፈልጋለች" ብላ በአገጯ ወደ እኔ አሳየች፤ "መናገር ስለማትችል ነው እንጂ።"

ሴትዮዋ የጻፈችውን ወረቀት አጠፈችው። "ሪፖርቴን ዛሬ አስገባለሁ" አለችኝ። "ከእርስዎ ጋር ትቀራለች።"

ያኔ ነው ያመለጠኝ። እህቴ ስትቀበር ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነክሼ የዋልኩት ሴትዮ፣ ሶፋው ላይ ተደፍቼ እዬዬ አልኩ፤ ደስታ ነው ብላቸው ማን ይመነኝ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆመ። ሰፊው መሐረብ ቢያጣ የቁራጭ ጨርቅ ከረጢቱን አቀረበልኝ። ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንድ እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች፣ በሌላው ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

"ቀስ ብለሽ አልቅሺ፣ አክስቴ" አለችኝ በጆሮዬ። "እናቷ ትከሻ ላይ ገና አሁን መተኛቷ ነው።"